ቅጠል ያየውን ሥር ሲሰማ

*ባቄላ መሬትን እንደምታሳርፍ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ከአፈር በታች ለሚሠራው ለዚህ ሥራ ትእዛዙ የሚወጣው ከላይ፣ ከብርሃን ዘንድ መሆኑን የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው።*

በነሐሴ ማሳ ላይ

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ታየ የተባለውን ብርሃን ምልክት አድርገው በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን፣ ስሟ የብርሃን ደብር ይሁን እንጂ፣ ነሐሴ በገባ ጊዜ ብርሃንን የምታየው በስስት ነው። ጭጋጉ ከሌሊት ጀምሮ በሜዳው ላይ ተኝቶ ያድርና፣ ረፋዱ ላይ መሄድ እንደከበደው እንግዳ እያመነታ ይነሣል፤ እርሱ ተነሣ ሲባል ደግሞ ደመናው ይተካል። እንዲህ ባለ አንድ ጧት ነው፣ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ባለ የባቄላ ማሳ ውስጥ፣ ጤዛው እስከ ጕልበታችን እያራሰን፣ ሦስት ሰዎች ሆነን የቆምነው፦ የማሳው ባለቤት የሆኑ አረጋዊ ገበሬ፣ የአፈርን ረቂቃን ፍጥረታት የሚያጠና አንድ ወጣት ተመራማሪ፣ እንዲሁም ጥያቄ እንጂ ሙያ ያልያዘው ይህ ጸሓፊ።

ባቄላው አበባ ላይ ነበር። በነጩ አበባ ክንፍ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ከሩቅ ሲታይ ማሳው ሁሉ በብዙ ዓይን የሚመለከተን ይመስላል፤ መዓዛውም ከእርጥቡ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በብርዱ ውስጥ ይሸታል። ተመራማሪው ዶማውን ከአንዲት ተክል አንድ ስንዝር አርቆ ሰካና፣ ሥሯ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ፣ ከነጓሏ ፈንቅሎ አወጣት። ከማሳው ዳር በሚወርደው ቦይ ውስጥም ደጋግሞ አለቀለቃት፤ ጭቃው እየሟሟ በሄደ መጠን ነጩ ሥር ተገለጠ፤ በነጩ ሥር ላይም፣ ከገብስ ቅንጣት የማይበልጡ፣ አንዳንዶቹ ሞላላ፣ አንዳንዶቹም እንደ ሕፃን መዳፍ ጣት ያወጡ፣ ወደ ሮዝነት የሚያደሉ ቋጠሮዎች ተሰክተው ታዩ።

«ይኸ ደግሞ ሌላ ቆርምድ እንዳይሆን፣ ልጄ» አሉ ገበሬው፣ አጎንብሰው እየተመለከቱ። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የባቄላን ቅጠል እያሳበጠና እያኮማተረ የሚያደርቀው ይህ በሽታ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙ ጎተራ ያጎደለ ነውና፣ በተክል ላይ እብጠት ያየ ሰው ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «የለም፣ አባቴ» አለ ወጣቱ፤ «በቅጠል ላይ የሚያብጠው ቀማኛ ነው፤ በሥር ላይ የሚያብጠው ግን ማዳበሪያ የሚያበስልልዎ ማድቤት ነው።» ይህንም ብሎ አንዱን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት ከፈለው። ውስጡ ቀይ ነበር፤ የጥሬ ሥጋ ቅላት ያለው፣ ጥፍሩንም የሚያቀላ ቀይ።

ከዚያም ወደ ማሳው ዳር፣ የባሕር ዛፍ ተራ ቀኑን ሙሉ ወደሚያጠላበት ስፍራ ሄደን፣ ሌላ ተክል ነቀለ። ዘሩ ከአንድ ጎተራ የወጣ፣ የተዘራውም በአንድ ቀን ነበር። ይህች ሁለተኛይቱ በቁመት ከመጀመሪያይቱ አታንስም፣ እንዲያውም ቀጥና መዝዛ ነበር፤ ሥሯ ሲታጠብ ግን ቋጠሮዎቹ ጥቂት፣ የተገኙትም ደቃቃ ሆኑ፤ በጥፍር የተከፈለውም ውስጡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነበር። ተመራማሪው፣ ጥንቃቄ የሙያው ሥርዓት ነውና፣ «ሁሉን በጥላ ላይ አናላክክ፤ ባሕር ዛፉ ውኃውንም ይሻማል» ሲል አስገነዘበን፤ ይሁን እንጂ ጥላው ከተጠያቂዎቹ አንዱ መሆኑን አልሸሸገም። እንግዲያውስ፣ ፀሐይ ከቶ በማትደርስበት ከአፈር በታች የሚኖር ቋጠሮ፣ ፀሐይ ብታንስ ብትበዛ ምን ገዶት?

> «በቅጠል ላይ የሚያብጠው ቀማኛ ነው፤ በሥር ላይ የሚያብጠው ግን ማዳበሪያ የሚያበስልልዎ ማድቤት ነው።»

ጣና ዳር ተቀምጦ መጠማት

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጅን ነው። ቅጠል ያለ እርሱ አይለመልምም፣ ፍሬም ያለ እርሱ ፕሮቲን አይቋጥርም፤ ሆኖም በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት እየሆነ በሦስት እጥፍ ማሰሪያ የተቆራኘ ስለሆነ፣ ስንዴም ሆነ ጤፍ በዚህ ሁሉ ሀብት መካከል ቆሞ፣ ጣና ዳር ተቀምጦ እጁ እንደ ታሰረና በጥም እንደሚቃጠል ሰው ይቸገራል። የሰው ልጅ ይህን ማሰሪያ በፋብሪካ መፍታት የተማረው ገና ትናንት ነው፤ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሐበር ዘዴውን በ1909 አሳዩ፣ በ1913ም በኦፓው ከተማ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ዩሪያ ተብሎ በከረጢት ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው ማዳበሪያ መነሻው፣ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ግለትና ከአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት የሚፈጸመው ይኸው ሥራ ነው። ባቄላ ግን ይህንኑ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ያለ እሳትና ያለ ጭስ ትፈጽመዋለች።

ትፈጽመዋለች ማለት ግን የሌላውን ድካም ለእርሷ ብቻ መስጠት ነው። በ1886 በበርሊን በተደረገ የተፈጥሮ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሄርማን ሄልሪገል የተባሉ ጀርመናዊ፣ ከባልደረባቸው ከሄርማን ቪልፋርት ጋር የደረሱበትን ነገር ገለጹ፤ ይኸውም አተር፣ ሕያው ነገር ሁሉ በግለት በጠፋበት አሸዋ ውስጥ ስትዘራ፣ ናይትሮጅን ካልተጨመረላት ገርጥታ እንደምትቀር፣ የማሳ አፈር የታጠበበት ጥቂት ውኃ ቢፈስላት ግን ሥሯ ቋጠሮ አውጥቶ እንደምትለመልም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1888፣ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ በቋጠሮው ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቃን ለይተው ለብቻቸው አራቧቸው። ሪዞቢያ የሚባሉት የእነዚህ ባክቴሪያዎች ወገን ብዙ ነው፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲገለገሉ፣ ሽምብራ ሌላ የራሷ አላት፣ አኩሪ አተርም እንዲሁ።

የተክሏና የባክቴሪያው መገናኘት እንደ ጥንቱ ጋብቻ ሽማግሌ ተልኮበት የሚፈጸም ነው። ሥሯ ፍላቮኖይድ የተባለ ቅመም ወደ አፈሩ ታወጣለች፤ ባክቴሪያው ያን በቀመሰ ጊዜ የራሱን መልስ ይሰድዳል፤ መልሱ ተመርምሮ ወገን መሆኑ ከታወቀ፣ ስሷ የሥር ጠጕር እንደ ከዘራ እጀታ ትታጠፍና ታቅፈዋለች፤ እርሱም በተከፈተለት ቀጭን መተላለፊያ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ የሥሩም ሴሎች እየተባዙ ማደሪያ ይሠሩለታል። በጥፍር ሲከፈል የሚታየው ቅላት ሌግሄሞግሎቢን ይባላል፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ ሲሆን፣ ሥራውም ኦክሲጅንን እየሰፈረ ማደል ነው፤ ባክቴሪያው ያለ ኦክሲጅን አይተነፍስም፣ ናይትሮጅንን የሚፈታው ኢንዛይም ደግሞ ኦክሲጅን ሲበዛበት ይበላሻልና። እንግዲህ ቀይ ቋጠሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ነጩ ገና ያልጀመረ ወይም የማይሠራ ነው፤ አረንጓዴው ያረጀ ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት በማይገባበት ቤት ሽሮና ክኩ፣ በጸሎተ ሐሙስም የጉልባኑ ባቄላ ለሰውነት የሚሰጡት ብርታት፣ ከፊሉ በዚህ ቀይ ማደሪያ በኩል ከአየር የወረደ ነው።

ቀለቡ ከላይ ይወርዳል

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይደለም። አንዲቱን የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመፍታት ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለት ሴሎች እንደ ሳንቲም የሚመነዝሩት የኃይል ቅንጣት፣ ይወጣል፤ ባክቴሪያው ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ይህን ወጪ ከየት ያመጣል? የሚመጣለት ከቅጠሉ ነው። ቅጠል በብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለት ውኃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፀሐይ ኃይል ወደ ስኳር በመለወጥ፣ የሠራውን ቀለብ በግንዱ ውስጥ ወደ ሥር ያወርዳል፤ በዚያም ለባክቴሪያው በሚስማማ መልክ ይቀርብለታል። ቀን የተሠራው ሁሉ ቀን አይበላም፤ ከፊሉ በስታርች መልክ በቅጠሉ ጎተራ ይቀመጥና ሌሊት እየተመነዘረ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቋጠሮው በሌሊት የሚሠራው በቀን ፀሐይ ስንቅ ነው።

ስንቁ ሲቋረጥ የሚሆነውን ለማየት፣ ተመራማሪዎች ቋጠሮ ያወጣችን ተክል ለተከታታይ ቀናት በጨለማ ክፍል ያቆያሉ። ቅጠሏ ገና ሳይጠወልግ፣ ቋጠሮው ናይትሮጅን መፍታቱን ያቆማል፤ ቅላቱም እየደበዘዘ ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል፤ ብዙ ከቆየችም ማደሪያው ከነነዋሪዎቹ ይፈርሳል። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ በ1970ዎቹ በአሜሪካ ታይቷል፤ በአኩሪ አተር ማሳ ላይ አየሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲበለጽግ በተደረገ ጊዜ፣ በአፈሩ ላይ አንዳች ሳይጨመር፣ የቅጠሉ የስኳር ሥራ በመበርታቱ ብቻ ከአየር የሚወርደው ናይትሮጅን በብዙ እጥፍ ከፍ አለ። የቋጠሮው ጉልበት የሚለካው በአፈሩ ብቻ ሳይሆን በቅጠሉም ሙላትና ጉድለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ቀለቡን የሚያወርደው ወገን፣ እንደ ማንኛውም ቀላቢ፣ የተቀላቢዎቹን ቁጥር መወሰን ይወድዳል። ቋጠሮ በጀመረ ጊዜ ሥሩ ይህንኑ የሚያስታውቅ መልእክት ወደ ቅጠል ይልካል፤ ቅጠሉም መልእክቱን ተቀብሎ፣ የበቃ በመሰለው ጊዜ፣ «ከእንግዲህ አትጨምሩ» የሚል ትእዛዝ ወደ ታች ይመልሳል። ይህን መልእክት የሚቀበለው የቅጠል ፕሮቲን የተበላሸባቸው የአኩሪ አተር ዝርያዎች አሉ፤ ሥራቸው ከላይ እስከ ታች በቋጠሮ ይሸፈናል፣ እነርሱ ግን እንግዳ አብዝቶ ልጆቹን እንዳስራበ አባወራ ቀጭጨው ይቀራሉ። ከቋጠሮ ብዛት ይልቅ ልኩ መመስገን እንዳለበት ተክሏ ራሷ ታውቃለች።

> ቋጠሮው በሌሊት የሚሠራው በቀን ፀሐይ ስንቅ ነው።

ቅጠል አፍ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ነው

እስከዚህ የተነገረው የቀለብ ታሪክ ነው፤ ብርሃን ቢበዛ ስኳር ይበዛል፣ ስኳር ቢበዛ ቋጠሮ ይበዛል፤ ሌላ ነገር የማያስፈልገው ይመስላል። ነገር ግን በ1960ዎቹ፣ በሆላንድ ቫኽኒንገን በምትባል የእርሻ ትምህርት ከተማ፣ ሊ የተባሉ ተመራማሪ በዚህ የተስተካከለ ታሪክ ላይ አንድ የማይገጥም ነገር አገኙ። የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን ቀለሙ ቢለወጥ፣ የቋጠሮው ቁጥር ይለወጥ ነበር። ሩቅ ቀይ በሚባለው፣ ዓይናችን ከሚያየው ቀይ ጠርዝ ማዶ ባለው ብርሃን የተጎበኙት ተክሎች ቋጠሮአቸው አነሰ፤ ከእርሱ በኋላ ተራው ቀይ ብርሃን ቢበራላቸው ግን የጎደለው ተመለሰ። ይህ የስኳር ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ ሩቅ ቀይ ብርሃን ብቻውን ለስኳር ሥራ እምብዛም አይረባምና። እንግዲያውስ ተክሏ ብርሃንን የምትበላው ብቻ ሳይሆን የምታነበውም ነው ማለት ነው።

ምን ታነባለች ቢሉ፣ ጎረቤቷን ታነባለች። አረንጓዴ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ይመጠዋል፣ ሩቅ ቀዩን ግን ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ የቅጠል ጥላና የግድግዳ ጥላ ለእኛ አንድ ቢመስሉም ለተክል አንድ አይደሉም። የግድግዳው ጥላ የደበዘዘ ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ የቅጠሉ ጥላ በሩቅ ቀይ የተሞላ፣ «ተወዳዳሪ መጣብሽ» የሚል ደብዳቤ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነብላት ፋይቶክሮም የተባለ ፕሮቲን በቅጠሏ ውስጥ አለ። ባነበበም ጊዜ ተክሏ ያላትን ሁሉ ወደ ቁመት ታዞራለች፤ በባሕር ዛፉ ሥር ያየናት ባቄላ ቀጥና የመዘዘችው ሮጣ ለማምለጥ እንደሆነ ልብ ይሏል። ሮጦ የሚያመልጥ ሰው በጓዳው ያለውን እንግዳ እንደሚዘነጋ፣ እርሷም ለሥሯ የምትሰጠውን ትቀንሳለች።

በ2011 በጃፓን ሳጋ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሎተስ ጃፖኒከስ በተባለች ትንሽ የጥራጥሬ ዘመድ ላይ አጠሩት። የፋይቶክሮም አንዱ ዓይነት የጎደላት ተክል ቋጠሮዋ ያንሳል፤ የጤነኛይቱን ግንድ ቆርጠው በበሽተኛይቱ ሥር ላይ፣ የበሽተኛይቱንም በጤነኛይቱ ሥር ላይ ቢተክሉ፣ የቋጠሮውን ዕጣ የሚወስነው ከላይ የተተከለው ወገን ሆኖ ተገኘ። በመካከል የሚላላከውም ጃስሞኒክ አሲድ ከተባለው፣ ተክሎች አደጋን ለመመከት ከሚጠቀሙበት ቅመም ወገን መሆኑን አሳዩ። ሥር አታይም፤ ቅጠል ያየውን ግን ትሰማለች።

ይህን ጉዳይ እስከ ጥግ ያደረሱት በ2021 ጥናታቸውን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት በቻይና የሔናን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በአኩሪ አተር ቅጠል ላይ ብርሃን፣ በተለይም ሰማያዊው፣ በወረደ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ይሠሩና በግንዱ በኩል ተጉዘው ወደ ሥር ይደርሳሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ተክሏ አበባ እንድታወጣ የሚያበሥረው ያው መልእክተኛ ነው። እነዚህ ከላይ የወረዱት መልእክተኞች ብቻቸውን ቋጠሮ አያስጀምሩም፤ ባክቴሪያውም ብቻውን አያስጀምርም። ባክቴሪያው በሥር ጠጕር በኩል ደጁን ሲመታ፣ በሥሩ ውስጥ የሚነሣው ምልክት ከቅጠል የመጣውን መልእክተኛ ማኅተም ያትምበታል፤ ከዚህም በኋላ ብቻ ሁለቱ መልእክተኞች ተጣምረው የቋጠሮውን ሥራ የሚጀምሩትን ጂኖች ያስነሣሉ። ሁለት ቁልፍ ያዦች በአንድነት ካልተገኙ የማይከፈተውን የዕቃ ቤት መዝጊያ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንዱ ቁልፍ ከአፈር፣ አንዱ ከብርሃን ነው።

> የግድግዳ ጥላ የደበዘዘ ብርሃን ብቻ ነው፤ የቅጠል ጥላ ግን «ተወዳዳሪ መጣብሽ» የሚል ደብዳቤ ነው።

«ፀሐይ እንዳያይብኝ!»

ብርሃንን የሚያነበው ተክሉ ብቻ ቢሆን ነገሩ በዚህ በተፈጸመ። ግን ባክቴሪያው ራሱ፣ ዕድሜውን አብዛኛውን በጨለማ የሚገፋው ፍጥረት፣ የብርሃን ዓይን ይዞ ተገኝቷል። በ2012 በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ ያሉ ተመራማሪዎች፣ አተርን የሚያገለግለውን፣ የእኛም ባቄላና ምስር ወዳጅ የሆነውን ባክቴሪያ መርምረው፣ ሰማያዊ ብርሃንን የሚቀበል ፕሮቲን አገኙበት። ባክቴሪያውን ከሥር ጋር ከማገናኘታቸው በፊት ብርሃን ቢያሳዩት፣ በገጹ የሚያወጣው ሙጫና ለመዋኘት የሚጠቀምበት ጅራት ይለወጣል፤ ከዚያም በአተር ሥር ላይ ሲፈስ በጨለማ ካደረው ወንድሙ ይልቅ ብዙ ቋጠሮ ያስወጣል። ያ ፕሮቲን ሲወሰድበት ግን ብርሃንና ጨለማ አንድ ይሆኑበታል።

ከዚህም የሚያልፍ አለ። በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል ረግረግ ከሚበቅሉት የኤስኪኖሜኔ ተክሎች አንዳንዶቹ ቋጠሮአቸውን በሥር ብቻ ሳይሆን በግንዳቸውም ላይ፣ በፀሐይ ፊት፣ ያወጣሉ። በዚያ ውስጥ የሚያድሩት ባክቴሪያዎች ክሎሮፊልን የመሰለ የራሳቸው ቀለም ስላላቸው፣ ከአስተናጋጃቸው የሚቀበሉትን ቀለብ በገዛ እጃቸው ከብርሃን በሚያገኙት ኃይል ይደግፋሉ፤ ይህን መሣሪያ መቼ እንደሚሠሩም የሚያዝዛቸው፣ በ2002 እንደ ታወቀው፣ ሩቅ ቀይን የሚያነብ የፋይቶክሮም ዘመድ ነው። ተክሏ ጎረቤቷን በምታውቅበት ፊደል ባክቴሪያውም ማንበብ ችሏል።

ይህን የሰማ ሰው፣ የባክቴሪያውን እሽግ ከመዝራቱ በፊት ለፀሐይ ማስጣት ሊያምረው ይችላል። በዘር ወቅት የሆነውን ያየ ግን አያደርገውም። ሕያው ማዳበሪያ የሚሉትን፣ በጥቁር ዱቄት ውስጥ የተቀመጠውን ባክቴሪያ ለገበሬዎች የምታስተምር አንዲት የግብርና ባለሙያ ያየኋት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በተነጠፈ ሸራ ላይ ተንበርክካ ነው። ዘሩን በስኳር ውኃ ለወስ አደረገችው፤ ዱቄቱን ነሰነሰችበት፤ እያንዳንዷ ፍሬ ጥቁር ካባ እስክትለብስ ድረስ በሁለት እጇ እያገላበጠች አሸችው። አንድ ጎረምሳ ሸራውን ወደ ፀሐይ ሊስበው ሲቃጣ፣ «ተው፣ የኔ ወንድም፣ ፀሐይ እንዳያይብኝ! በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው» ብላ ጮኸችበት። የተለወሰው ዘር በዚያው ቀን በእርጥብ አፈር ውስጥ ገብቶ ወዲያው መሸፈን አለበት፤ የቀትር ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረሩና ድርቀቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋልና። በላቦራቶሪ ያለው ልዝብ ሰማያዊ ብርሃንና የሜዳው ፀሐይ፣ ስማቸው ብርሃን ይሁን እንጂ፣ አንዱ ምክር ሌላው ሰይፍ ነው።

የተገለጠና የተሸፈነ

በቤተ ሙከራ ቋጠሮን የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ሥሩ ያለበትን ጠርሙስ በብር ቀለም ባለው የአሉሚኒየም ፎይል ወይም በጥቁር ወረቀት ይጠቀልሉታል፤ ቅጠሉን ግን ከመብራቱ ሥር ያቆሙታል። ሥር ራሷ በብርሃን ብትጋለጥ ቋጠሮ ማውጣቷ ይቀንሳልና። ስለዚህ ያው ብርሃን በቅጠል ላይ ሲወርድ ፈቃድ፣ በሥር ላይ ሲወርድ ክልከላ ነው። ሁሉም ነገር በተሰየመለት ቦታ ሲሆን በረከት ነው፤ የተገለጠው ይገለጥ፣ የተሸፈነውም ይሸፈን።

ገበሬው ይህን ሥርዓት በስም ባያውቀውም በእጁ ያውቀዋል። በሐረርጌ በማሽላ መካከል ቦሎቄ የሚዘራ ሰው፣ የማሽላውን ታችኛ ቅጠል እየሸለቀቀ ለከብቱ ሲያበላ፣ ወደ ቦሎቄው የሚወርደውን ብርሃን እየጨመረ ነው። በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለውን የግራር ወገን በማሳው መካከል የሚጠብቅ ሰው፣ ሌላው ዛፍ ሲለመልም እርሱ በክረምት ቅጠሉን አርግፎ ለሰብሉ ሰማዩን የሚከፍትለትን ዛፍ መጠበቁ ነው፤ ዛፉም ራሱ ባለ ቋጠሮ ነው። በአድአ መረሬ ላይ ሽምብራውን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የሚዘራው ደግሞ፣ ከነሐሴ ጭጋግ አምልጦ የጥቅምትን ብርሃን ይገዛል፤ ዋጋውን ግን በሚሸሸው እርጥበት ይከፍላል። አንዳቸውም ፋይቶክሮምን አልሰሙም፤ ሁሉም ግን በጥላና በብርሃን መካከል ሲዳኙ ኖረዋል።

ወደ ደብረ ብርሃኑ ማሳ ስመለስ፣ ተመራማሪው ይህን ሁሉ፣ ከቅጠሉ ዓይን እስከ ሁለቱ ቁልፎች ድረስ፣ በዶማው እጀታ ላይ ተደግፎ ለገበሬው አጫውቷቸው ነበር። እርሳቸውም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ ዝም ብለው አዳመጡና፣ ዓይናቸውን ከባቄላው መካከል ብቅ ብቅ ወዳለው የሰናፍጭና የአጃ አረም አዞሩ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «አረሙ ምግቧን ይሻማታል ብዬ ነበር የማርመው። ለካ ያስፈራራትም ኖሯል!»

> «አረሙ ምግቧን ይሻማታል ብዬ ነበር የማርመው። ለካ ያስፈራራትም ኖሯል!»

ይህን ያሉት እንደ ቀልድ ይሁን እንደ ቁም ነገር ለመለየት ያስቸግራል፤ ከተመራማሪው ረጅም ትምህርት ግን ያመለጣቸው ነገር አልነበረም። አረም ገና ስኳሯን ሳይቀማት፣ ገና ጥላው በሙሉ ሳይወድቅባት፣ ከጎኗ መቆሙን ብቻ በብርሃኑ ቀለም ታውቀዋለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ለሥሯ የምታወርደውን ማሰብ ትጀምራለች። ስለዚህ ቀድሞ ማረም የሚጠቅመው ቀለብ ለማስጣል ብቻ ሳይሆን ፍርሃት ለማስወገድም ነው፤ ለመጪው ዓመት ስንዴ በአፈሩ የሚቀረው ውርስም በዚህ ፍርሃት መጠን ይከብዳል ወይም ይቀልላል።

ጭጋጉ በዚያን ጊዜ ሊገፈፍ ጀምሮ ነበር። ገበሬው ዶማውን ከወጣቱ እጅ ተቀበሉና፣ በመስመር በተዘራው ባቄላ መካከል ገብተው፣ አንዱን የአጃ ጉንጉን ከነሥሩ ገልብጠው ወደ ዳር ጣሉት፤ በዚያው ምት የተነሣውን ልም አፈርም ወደ ባቄላይቱ ግንድ ሳቡት። ቅጠሏ ተገለጠ፤ ሥሯ ተሸፈነ። ተመራማሪው ይህን አይቶ ፈገግ አለና ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «እኛ ፎይልና መብራት የምንገዛው ለዚህ ነው» አለ።